ጌሾ በሸማኔው ጉድጓድ

በእኛ ጊዜ ጎንደር ላይ የዘነበው ሁሉ መውረጃውን አያጣም ነበር ብዬ ልጀምርላችሁ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። በእኛም ጊዜ ያው ነበር። አሁን ጎረቤታችን ምናሉ ማኪናውን ውጭ ትቶ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲገባ አይታችሁታል። ገና ሳይቀመጥ «ለመሆኑ ይኼ ከተማ የሚያየው ሰው አለው? በራፋችን እኮ ባሕር ሆነ» አለ። እኔ ደግሞ አንድ ሸማኔ ትዝ አለኝ።  እና ዝናቡ እስኪያባራ ጊዜ አለን፣ ተቀመጡ ላጫውታችሁ።

ጣሊያን ከወጣ ብዙም አልቆየም። እኔ የኮሶዬ ሰው ነኝ፣ ታውቃላችሁ። ኮሶዬ ዳገት ነው፣ ውሃ ቁጭ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፣ ማንም ወዴት ትሄዳለህ ብሎ አይጠይቀውም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል። እና እኔ ዳዊት ደግሜ፣ ቀጥሎም አስኳላ ገብቼ ጥቂት እንግሊዝኛ ቀማምሼ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ሸጋ ነው ተብዬ ጎንደር አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መንገዱንም ጽዳቱንም ጸጥታውንም ይመለከት ነበር፣ ይብቃችሁ። አለቃችን ግራዝማች የሚባሉ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ ብለው አያምኑም።

ታዲያ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ክረምት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው አንድ ቅል ውሃ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ ገባና ግራዝማች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ወረቀታቸው ላይ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አሉ ግራዝማች።

«ውሃ ነው ጌታዬ። ከጉድጓዴ የወጣ ነው። እባክዎ ያሽትቱት።»

ግራዝማች ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ቅሉ አዩ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ጠላ ነው» አሉ።

«እሱን ነው የምልዎ» አለ ሰውዬው። «እኔ እስላም ነኝ። ሰይድ እባላለሁ፣ አዲስ አለም ነው ቤቴ፣ ሸማኔ ነኝ። ከቤቴ ጋን የለ፣ አያቴ ጌሾ ነክተው አያውቁ። እንግዲህ ይኸው ሁለት ክረምት ሆነኝ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉድጓዴ ጠላ ይጠምቃል።»

ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ ያላየ ካለ ልንገረው። ሸማኔ መሬት ቆፍሮ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚሠራው። መርገጫው እዚያ ታች ነው ያለው። ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ ማለት በሬ የሌለው ገበሬ ማለት ነው። እና ያ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት፣ ውሃው ላይ የጌሾ ቅጠል ይንሳፈፋል።

«ውሃውንስ በቅል እየጨለፍኩ አወጣዋለሁ» አለ አያ ሰይድ፤ «ሽታውን በምን ልጨልፈው? ጎረቤት በደጄ ሲያልፍ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ነው የሚያልፍ። ያለፈው ሳምንት የመስጊድ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጡ። ተቀመጡ፣ ዙሪያውን አዩ፣ 'ሰይድ፣ ምነው?' አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉ። 'ምነው' ብቻ። በሰደቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ግራዝማች ቅሉን በአንድ ጣታቸው ከወረቀቱ ላይ ገፋ አደረጉ። «ቦታው ረግረግ ነው» አሉ። «ረግረግ ሲበሰብስ እንዲህ ይሸታል። ረግረግ ላይ የተሠራ ቤት ይፈርሳል፣ ባለቤቱም ሌላ ቦታ ይሰጠዋል። ፀዳ ላይ ሰፊ ሜዳ አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ጸሐፊ፣ ሂድና እይ። ረግረግ መሆኑን ጽፈህ ዓርብ አምጣልኝ» አሉ።

አስተውላችኋል? ረግረግ መሆን አለመሆኑን እይ አላሉኝም። ረግረግ መሆኑን ጽፈህ አምጣ ነው ያሉኝ።

ከመሥሪያ ቤቱ ስንወጣ አያ ሰይድ «ፀዳ» አለ። ያኔ ፀዳ ከከተማው የራቀ የግጦሽ ሜዳ ነው፣ የዛሬውን አትዩ። «ፀዳ ወርዶ ጋቢ የሚያሠራ ማን ነው? ለቀበሮ ልሸምን ነው?» አለና ውሃውን ደፍቶ ቅሉን ብብቱ ስር ከቶ ሄደ። አባቱ በሸመነበት ጉድጓድ ነው እሱም የሚሸምነው። ያ ጉድጓድ ከሄደ ሌላው ሁሉ ይሄዳል።

እኔ እንግዲህ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ በሽታ አለብኝ፣ የነገር መነሻ ካላወቅሁ አላርፍም። ማክሰኞ ዕለት ወደ አዲስ አለም ወረድኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አያ ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ እኔን ያያል።

«ምን ታያለህ?» አለኝ።

«ግድግዳው ላይኛው በኩል ደረቅ ነው አያ ሰይድ። ጣራዎም አያፈስም። ውሃው ከታች ነው የሚመጣው፤ ያውልዎ ያቺ ጥግ ላይ ይንፈቀፈቃል።»

«ከታች ከሆነማ ረግረግ ነው ልትል ነዋ።»

«ረግረግ ጌሾ አያበቅልም» አልኩት። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት።

«ድሮስ አባትዎ በነበሩ ጊዜ እንዲህ ነበር?»

«ምንም አልነበረ። ጣሊያን መጥቶ ከላይ ከፒያሳ ጀምሮ ትልቅ ቱቦ ሲቀብር በቤታችን ጥግ ስር ነው ያሳለፈው። አባቴ ጮኸ፣ ማን ይሰማዋል። ግን ያኔም ውሃ አልገባብንም። ይኸው ሁለት ክረምቱ ነው።»

እሺ። ቱቦ አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቱቦ የሚባል ነገር መሬት ውስጥ መኖሩን ገና ያን ቀን መስማቴ ነው፤ የኮሶዬ ሰው ነኝ አልኳችሁ አይደል። ታዲያ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። መንገዱ ዳር በድንጋይ የተከበበ ጉድጓድ አገኘሁ፣ ከዚያ በላይ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ሌላ። ክዳን የነበራቸው ይመስላሉ፣ ክዳኑ የለም። አንደኛውን ሰው በተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ ከድኖታል፣ ሌላውን በእሾህ አጥሮታል። እያልኩ እያልኩ አንድ ጠላ ቤት ጓሮ ደረስኩ። ባለቤቷ እትዬ ጥሩ ይባላሉ፣ የወፈሩ፣ ሳቂታ ሴትዮ። ደርሼ ቆሜ ሳለሁ አንድ እንስራ ሙሉ አተላ ይዘው ወጥተው ድፍት አደረጉት፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ።

«እትዬ ጥሩ፣ አተላውን ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚደፉት?»

«ታዲያ የት ልድፋው ልጄ? ከብት የለኝ። ይኼ ጉድጓድ ደግሞ ሸጋ ጉድጓድ ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ምን ቸገረኝ። ሄደ አይደለም ወይ?»

ልጆቼ፣ ስለ ከተማ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፣ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ግን አላገኘሁም። ሄደ አይደለም ወይ።

አሁን የአያ ሰይድ ጌሾ የእትዬ ጥሩ ጌሾ መሆኑን እኔ ገምቻለሁ፤ ግን ግምት ለግራዝማች አይሆንም፣ ለመስጊድ ሽማግሌዎችም አይሆንም። በጌሾ የሚጠምቅ ቤት ስንት ነው? ምልክት ያስፈልጋል። እና እትዬ ጥሩን «የበርበሬ ፍሬ አለዎት?» አልኳቸው። ያኔ ሴቶች በርበሬ ሲያስፈጩ ፍሬውን ለይተው ያስቀሩ ነበር።

«ሞልቷል። ለምንህ ነው?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ልጨምረው።»

ትንሽ አዩኝና «ጸሐፊ፣ ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። ግን ሰጡኝ፣ አንድ ቁና ሙሉ። «ዝናቡ ሲጥል ይጨምሩልኝ» ብዬ አደራ ሰጠሁና ወደ ታች ሮጥኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ልማዱ ከተፍ አለ። እኔና አያ ሰይድ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትይዩ ተቀመጥን።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለ አያ ሰይድ።

«በርበሬ።»

«ወጥ ልትሠራ ነው?»

 ውሃው ከጥጉ መንፈቅፈቅ ጀመረ፣ አንድ ጣት ከፍ አለ፣ ሁለት ጣት ከፍ አለ። መጀመሪያ ጌሾ መጣ። ከዚያ አንድ ቢጫ ፍሬ ብቅ አለ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በእፍኝ የሚታፈስ። አያ ሰይድ አንዱን አንስቶ በጥርሱ ነከሰና እንባው እስኪመጣ ሳለ። ሳሉ ሲለቀው ለሚስቱ «ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው፣ ሦስቱንም» አላት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በዝናብ። ነገሩን ነገርኳቸው። አንዱ ፍሬ አነሱ፣ አሸተቱ፣ ለሁለተኛው ሰጡ፣ እሳቸው ለሦስተኛው። ሦስተኛው ዓይናቸውን ጠራርገው «ሰይድ፣ አውፍ በለን፣ ይቅር በለን» አሉ። አያ ሰይድ ደግሞ ያን ሳምንት ሙሉ ሲጠብቅ የቆየውን ቃል አገኘና «ምነው?» አላቸው። ምነው ብቻ።

ስሙ ዳነ። ቤቱ ግን ገና ነው። ውሃው ከእትዬ ጥሩ ደጅ አያ ሰይድ ቤት ድረስ ሸጋ አድርጎ ከመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀሃ ወንዝ ለመውረድ ምን ያዘው? ረቡዕ ሙሉ ቀን መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የውሃ መዝገቡን አገላበጥኩ። ቀጭን መዝገብ ናት። ቱቦው የት እንደሚወጣ የሚል ነገር የለም፣ ማንም ነካው የሚል ነገርም የለም።

ሐሙስ ጠዋት አያ ሰይድን ይዤ በቁልቁለቱ ወደ ወንዙ ወረድን። ዳገቱ ስር ቁጥቋጦ ወርሶታል። እኔ ቁጥቋጦውን በዱላ እየገለጥኩ እፈልጋለሁ። አያ ሰይድ ድንገት ቆመ።

«ጸሐፊው፣ ይኼን ቦታ አታውቀውም?»

«አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ» አለ። «የጅቡ በር እኮ ነው።»

የጅቡ በር ሲል ቦታውን አወቅሁት። ምን መሰላችሁ፣ ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጅብ ሠፈር አስቸገረ፣ አህያ በላ፣ ሰው እየተንጫጫ መሥሪያ ቤታችን መጣ። እኔ ተላክሁ። ወንዝ ዳር አንድ ክብ ዋሻ አገኘሁ፤ ደረቅ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት፣ ውስጡ አጥንት የሞላ። ጥር ነው፣ አንድ ጠብታ ውሃ የለበትም። ኮሶዬ ላይ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ የጅብ ቀዳዳ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንድም ሰው ይኼ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅሁ፤ ያ የነገር መነሻ ካላወቅሁ አላርፍም የምለው ሰውዬ። የሠፈሩን ሰው፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ በደቦ ጠራሁ። በአንድ ቀን በድንጋይና በኖራ ደፈንነው። ጅቡ ቀረ። ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ፣ ለግራዝማችም መጣላቸው። ወረቀቱም ጸጥታ መዝገብ ውስጥ ገባ። እኔ ረቡዕ ሙሉ ቀን የፈለግሁት ደግሞ የውሃ መዝገብ ውስጥ ነው።

ቁጥቋጦውን ገለጥነው። ግንቡ ሸጋ ሆኖ ቆሟል፣ ከስሩ ብቻ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይወርዛል። ዋሻ ያልኩት የቱቦው አፍ ኖሯል። ከሁሉ በላይ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ላይ በመሮ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። አያ ሰይድ ፊደል አያውቅም።

«ምን ይላል?»

«'የጅብ በር በትእዛዝ ተዘጋ' ይላል።»

«ከሱ በታች ያለውስ?»

«ስም ነው።»

«የማን?»

«የእኔ» አልኩ።

 አያ ሰይድ በጣቱ ወደ ግንቡ አመለከተ። «ያን በስተግራ ያለውን ትልቁን ታየዋለህ? እሱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሰው ይያዘው ሲሉኝ እምቢ ብዬ ነው ለብቻዬ የተሸከምኩት።» ቀጥሎም «እንግዲህ ጌሾውን የጠመቅነው ሁለታችን ነና» አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። የቱቦው አፍ ጠርዝ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት ስምንት ስምንት ቀዳዳ አለ፣ የቀለጠ እርሳስ የፈሰሰበት። ብረት ነበረበት ማለት ነው። ጣሊያን ውሃ እንዲወጣ ጅብ እንዳይገባ አድርጎ ነበር የሠራው፤ ብረቱን ግን ከሄደ በኋላ ሰው ነቅሎታል። ማን ነቀለው እያልኩ ዳገቱን ወጣሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ረግረግ ነው ብዬ ብጽፍ ያልቃል። አያ ሰይድ ማንበብ አይችልም። ግራዝማች ወንዝ አይወርዱም። ደመወዝ ሊጨመርልኝ የታሰበውም በዚያች የምስጋና ደብዳቤ ነው። ለአያ ሰይድ ይህን አልነገርኩትም፣ ግን ሞኝ ሰው አልነበረም። ስንለያይ «ዓርብ ነገ ነው አይደል?» አለኝ።  ፊቴን እንኳ አላየኝም።

ዓርብ ጠዋት ጽፌ አቀረብኩ። ግራዝማች መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«'የዘጋውም ይህን የጻፈው ነው' ምን ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«የተመሰገንንበት እኮ ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሁለታችንም።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከተከፈተ ጅቡ ይመለሳል። ውሃ ይሻላል ልትለኝ ነው፣ ጅብ?»

«ሁለቱም ሳይሆኑ ይቻላል። ብረት ነበረበት፣ ስምንት ዘንግ፣ በስንዝር በስንዝር የተተከለ። ብረቱ ከተመለሰ ውሃው ይወጣል፣ ጅቡ አይገባም።»

«ጥሩ። ብረቱ የት አለ?»

እዚህ ላይ ቀና ብዬ አየሁ። ከግራዝማች ጀርባ መስኮት አለ፣ ከመቀመጫዬ ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመለከተው ኖሬአለሁ። ስምንት ዘንግ ብረት። ጫፍ ጫፉ ላይ እርሳስ የተጣበቀበት። ለመስኮቱ ትንሽ ስለሚረዝም ወደ ውጭ ሾለክ ብሎ የቀረ። ያን ጠዋት ነው ያየሁት ማለት ይቻላል። ግራዝማች ዓይኔን ተከትለው ዞሩ። ቆጠሩ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ወንዝ ዳር ወድቆ አገኘን ብለው ነው ያመጡልኝ» አሉ።

«ይሆናል ጌታዬ።»

«ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፍከውም።»

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

«ሪፖርቱ ስለ ውሃ ነው ጌታዬ። መስኮት ሌላ መዝገብ ነው።»

ግራዝማች መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ብዕራቸውን አነሱና «ይከፈት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሳያዩኝ «ይኼ ክፍል ድሮም ብርሃን ያንሰዋል» አሉ።

ሰኞ ዕለት ያው ሰው፣ ያው ደቦ፣ ያው ወንዝ ዳር። እትዬ ጥሩም ጠላ አስይዘው መጡ፤ ለእስላሞቹ ደግሞ ብርዝ ለብቻ ተይዞ ነበር። የመጀመሪያውን መዶሻ አያ ሰይድ ይምታ ተባለ፣ የራሱን ድንጋይ መረጠ። ግንቡ ሲናድ ምን መጣ መሰላችሁ፣ ሁለት ክረምት የተጠራቀመ ከተማ ነው የመጣው። ጌሾ፣ በርበሬ፣ የበግ ቆዳ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ሰው ሄደ አይደለም ወይ ያለው ሁሉ። ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ቆመን ሳለ፣ ከላይ ከዳገቱ የአያ ሰይድ ሚስት ድምፅ ተሰማ፣ «ወረደ» ትላለች። ጎረቤቷ ተቀብላ «ወረደ» አለች፣ ከሷ በታች ያለችው ተቀበለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ ከቤት ቤት ወንዙ ድረስ ደረሰ። አያ ሰይድ መዶሻውን አስቀምጦ ቁጭ አለ። 

ብረቱ ከመስኮቱ ተነቅሎ በሳምንቱ ወንዝ ዳር ገባ። ስምንቱም ልክ ነው፣ አንድም አላነሰ። ግራዝማችም ለመስኮታቸው የሚከፈት የጣውላ መዝጊያ አሠሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ስሜ ያለበትን ድንጋይ አያ ሰይድ ለመነኝ። «ለምንዎ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ለስላሳ ነው» አለኝ። መስከረም ላይ ጋቢ ላሠራ ብሄድ፣ ጉድጓዱ ደርቆ፣ እግሩን ሰድዶ ይሸምናል፤ የተቀመጠበት መቀመጫ ያ ድንጋይ ነው። እንዲያው በስሜ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። «ጸሐፊው» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ መወርወሪያውን እየወረወረ፣ «አሁን ውሃ ካየሁ ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ።»

ኋላም ልጁ ወረሰው። ባለፈው ሄጄ አይቼው ነበር፣ ፊደሉ አልቋል፤ ከመቀመጥ ብዛት ስሜ ጠፍቷል። ውሃ ሳይመለስ፣ በሰላም ጠፋ ማለት ነው።

ምነው ምናሉ፣ ዝም አልክ?

«አባባ» አለ ምናሉ፣ «ባለፈው በጋ ለማኪናዬ መግቢያ ብዬ በራፋችን ላይ ሲሚንቶ አስፈስሼ አልነበር።»

አስፈስሰሃል። ሸጋ ሲሚንቶ ነው።

«ከስሩ የውሃ መውረጃ ነበረ እንዴ?»

እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ የማወራው ስለ ሸማኔ ነው።

ሁሉም ሳቁ። ምናሉም ሳቀ፣ እየሳቀም ሱሪውን እንደገና ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ ተነሣና፣ «በሉ እሺ፣ ዶማው የት ነው ያለው?» አለ።